የአያ ደምሌ ግራ እግር

ደሴ ውስጥ የዳቦ ቅርፊት ከቀረ ቆይቷል። መጀመሪያ ሕፃናት አይወዱትም ተባለ፤ ቀጥሎ ጥርሳቸው የረገፈ ሽማግሌዎች ድምፅ ሰጡ፤ በመጨረሻ ቅርፊት የሚወደው ሁሉ ብቻውን የቀረ መስሎት ዝም አለ። መዲና ይማም ግን ጠዋት ጠዋት ለስላሳውን ዳቦ ትቆርስና ምድጃው ላይ አድርጋ ጠርዙ እስኪጠቁር ትጠብቃለች። ይህን የሚከለክል ሕግ የለም። ምድጃው ብቻ «እያረረ ነው፤ ልጥፋ?» እያለ ይለማመጣታል።

«አትጥፋ» ትለዋለች።

በዚያ ማክሰኞም እንዲሁ አለችው። ሬዲዮው የአየሩን ሁኔታ ይናገር ነበር። አንባቢው «ዝናብ» የሚለውን ቃል ከተወ ዓመታት አልፈዋል፤ አድማጮች ቃሉ ይከብደናል ብለው ጠይቀው ነበር። «ከቀትር በኋላ ሰማዩ ትንሽ ይተክዛል» አለ በለሰለሰ ድምፅ። መዲና ጃንጥላዋን ከበሩ ጀርባ አነሳች። ጃንጥላ የሚይዝ ሰው በከተማው ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው። ሌላው ይበሰብስና በማግስቱ ድምፅ ይሰጣል።

ደረጃውን ስትወርድ የእጇ አንጓ ነዘራት። መልእክቱ አጭር ነበር። «የአያ ደምሌ እግር ይቃናለት» የሚለው ጥያቄ የሚበቃውን ድምፅ አግኝቷል፤ ዓርብ ቀትር ላይ ይፈጸማል።

አያ ደምሌ የተፈጠረ ሰው አይደለም፤ የተቀረጸ ነው። «አውድማ» በሚባለው የፍልሚያ ጨዋታ ውስጥ ሽመል ይዞ የሚጋጠም፣ ደረቱ ሰፊ፣ ጢሙ ሽበት የጀመረው፣ ግራ እግሩን የሚያነክስ ተፋላሚ ነው። የቀረጸችው መዲና ናት። አውድማን የማይጫወት ቤት በአገሩ የለም። ምናልባት ሰው የሚሸነፍበት የቀረ ቦታ እሱ ብቻ ስለሆነ ይሆናል። ትምህርት ቤት ፈተና መውደቅ በድምፅ ቀርቷል። እግር ኳስም ቢሆን የተሸነፈው ቡድን ደጋፊ ከተከፋ ማምሻውን ጎል ይጨመርለታል። አውድማ ላይ ግን የተመታ ይወድቃል፤ የወደቀም እንዴት እንደወደቀ ያስባል።

ወደ ሥራዋ የሚወስዳት የገመድ መኪና የት እንደሚቆም የሚወስነው ተሳፋሪው ነው። ያን ዕለት አብዛኛው ሆጤ መውረድ ስለፈለገ መኪናው ፒያሳን በላይ በላይዋ አለፋት። መዲና ሆጤ ወርዳ በእግሯ ወደ ኋላ ተመለሰች። ነጂው እንደ ልማዱ ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ ሁለቴ ጥሩምባ ነፋላት። እሷም እንደ ልማዷ ሳትዞር እጇን አነሳችለት።

አውድማ የሚሠራበት የፍልሚያ ቤት ኃላፊ አሰግድ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ፊቱ የሠርግ ቤት አስተናጋጅ ይመስል ነበር።

«እትዬ መዲና፣ እንኳን ደስ አለሽ።»

«በምን?»

«ሕዝቡ አያ ደምሌን ወደደልሽ። እግሩን እስኪያሳክሙት ድረስ ወደዱት።»

«አልታመመም እኮ።»

«ያነክሳል።»

«ማነከሱንስ ያነክሳል። ታመምኩ ያለህ አለ?»

አሰግድ በረጅሙ ተነፈሰ። ክፉ ሰው አልነበረም። ፈሪ ነበር፤ ፈሪ ባይሆን ኖሮ ያን ወንበር አያገኘውም ነበር። «እንዝርትን አስታውሺ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

መዲና ታስታውሳለች። እንዝርት ሁለት እጇን እያሾረች የምትጋጠም ቀጭን ተፋላሚ ነበረች። ሰዎች ጸጉሯ እንዲረዝም፣ ቁመቷም እንዲጨምር ጠየቁ። የቀረጻት ሰው ቁመት ከጨመርኩባት ሹረቷ ይበላሻል ብሎ እምቢ አለ። ሕጉ ቀራጩን አያስገድድም፤ የእሱን ተፋላሚ ሌላ እጅ እንዲነካውም አይፈቅድም። በቀጠሮው ቀትር ካልታዘዘ ተፋላሚው ይሰናበታል፤ ይኸው ነው። እንዝርት ከአውድማ ጠፋች፤ ከልጆች ልብስ ላይ ጠፋች፤ ከፍልሚያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ጠፋች። የቀረጻት ሰው አሁን ኮምቦልቻ የበር እጀታ ይነድፋል። የእንዝርትን ስም የሚያነሳ ሰውም አሰግድ ብቻ ነው፤ ያውም ለማስፈራሪያ።

«ስለዚህ ወይ ታቃኚዋለሽ፣ ወይ ይሰናበታል» አለ አሰግድ። «እኔ አንቺን ብሆን አቃናው ነበር። ምን አለበት? አንድ እግር ነው።»

መዲና ወደ ሥራ ክፍሏ ገባች።

በሙያው ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው ነገር አለ፤ ተፋላሚ በር ሊኖረው ይገባል። በር ማለት የሚሸነፍበት ነው። ፈጣኑ ቆዳው ስስ ይሆናል፤ ግዙፉ ሲዞር ይዘገያል። የአያ ደምሌ በር ግራ እግሩ ነው። ሽመሉ በአውድማ ካሉት ምቶች ሁሉ የከበደ ነው። ካሳረፈው በኋላ ግን ክብደቱ ግራ እግሩ ላይ ይወድቅና ለአንዲት ትንፋሽ ባለበት ይቆማል። ያኔ ነው የሚደረስበት። ያቺን ትንፋሽ ከወሰድክበት ሽመሉ ብቻ ይቀራል፤ ሽመል ደግሞ ሰው አይደለም።

መዲና እግሩን ያገኘችው ወጣት ሳለች ባቲ ገበያ ውስጥ ነበር። አንድ የሚያነክስ ግመል ነጋዴ በግርግሩ መካከል ሲሄድ አየች። ሰው ሁሉ ይጋፋል፤ እሱን ግን የሚጋፋው የለም። በሚያነክሰው እግሩ ላይ ሲቆም መሬቱን የገዛ ይመስል ነበር። ቀኑን ሙሉ ስትከተለው ውላ ለገበያ የመጣችበትን ሳትገዛ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ «ተከዘ»፤ መንገዱም ጎርፍ ሆነ። መዲና ወደ አሰግድ ቢሮ ሄደች።

«በላ ልበልሃ እጠራለሁ» አለችው።

አሰግድ መጀመሪያ ሳቀ። የጥያቄ ጽሕፈት ቤት የሚባለው መሥሪያ ቤት ይህን የድሮ ሙግት ከዓመታት በፊት አስነስቶት ነበር፤ ያስነሳውም ሕዝብ ስለጠየቀ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ቆመው በግጥም ይሟገታሉ፣ ውርርድ ያስይዛሉ፣ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ያያል። የአጥር ቀለምና የዶሮ ጩኸት የሚያጣላቸው ጎረቤታሞች ይቀርቡበታል። ከመነሳቱ ጋር ግን አንድ አሮጌ ሕግ ሳይነቀል አብሮት ተነስቷል። ከሳሹ፣ ማለትም ጥያቄውን የጀመረው ሰው፣ ራሱ ክሱን ከተወ ክሱ ይወድቃል፤ ከኋላው አገር ቢሰለፍም ይወድቃል።

«እሱ እኮ ለግጥም ወዳዶች የተተወ ነገር ነው» አላት።

«ሕግ ነው አይደለም?»

«ሕግማ ሕግ ነው…»

«እንግዲያው ጥራልኝ።»

«ምን ታስይዣለሽ?»

መዲና ሁለት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ጣቶቿ ወፍራምና አጫጭር ነበሩ። «እጄን። ከተረታሁ ተፋላሚ አልቀርጽም።»

አሰግድ እጆቿን አይቶ ሳቁን ተወ።

ሐሙስ ዕለት የሥራ ክፍሏን ዘግታ አያ ደምሌን አቃናችው። አዲስ ቅጂ ነበር፤ ለሕዝብ የማይለቀቅ፣ ለሙግቱ ማስረጃ የሚሆን። የገረማት ቅለቱ ነው። ከምሳ በፊት አለቀ። ቀጥ ብሎ ቆመና በሁለት ደህና እግር ወዲያ ወዲህ አለ። አሰግድ በመስታወቱ አሾልኮ አይቶ «አላህ ይስጥሽ! አምሮበታል!» ብሎ ሊያቅፋት ገባ።

«አታቅፈኝ» አለችው። «አልጨረስኩም።»

ዓርብ ጠዋት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ዳኛው አቶ ይመር የተባሉ ጡረተኛ የታሪክ አስተማሪ ናቸው። ጋቢያቸውን አጣፍተው ከፍ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከጀርባቸው ባለው ሰፊ ሰሌዳ ላይ አገሩ ሁሉ የሚሰጠው ድምፅ እንደ ምስጥ ይርመሰመሳል።

ከሳሹ ከጎን በር ገባ። ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ከሰማያዊ የሥራ ጃኬቱ ላይ ኩታ ደርቧል። ሲራመድ ግራ እግሩን ያነክሳል።

መዲና ቀና ብላ አየችው። የሰውየውን ፊት አላወቀችውም። እርምጃውን ግን አወቀችው፤ የአያ ደምሌ እርምጃ ነው።

«ስምህ?» አሉት አቶ ይመር።

«ኑርልኝ አራጋው። የገመድ መኪና ነጂ ነኝ።»

«ምን ታስይዛለህ?»

«የመኪናዬን ወንበር። ሌላ የምወደው ነገር የለኝም።»

ከዚያ ልማዱ በሚያዘው መሠረት ኩታውን ትከሻው ላይ አጣፍቶ ወደ መዲና ዞረ፤

«በይ ልበልሽ እንግዲህ፣ ቀራጭ ነኝ የምትዪ፤
የሰው እግር ሲመታ፣ ዳር ቆመሽ የምታዪ።»

አዳራሹ አጨበጨበ። መዲና ግጥም አይሆንላትም። ትናንት ማታ ያሰናዳቻትን አንዲት መንቶ ነበር የያዘችው፤

«በላ ልበልህ እኔም፣ ከሳሼ አድምጠኝ፤
በር ለሌለው ቤትህ፣ ግቢ አትበለኝ።»

«ደህና» አሉ አቶ ይመር። «ግጥሙ ይብቃችሁና እንደ ሰው ተነጋገሩ።»

ኑርልኝ የተዘጋጀበትን ንግግር ትቶ እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። «እትዬ መዲና፣ እኔ አያ ደምሌን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። የሚያነክስ ጀግና! እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። ሌላ ተፋላሚ ይዤ ተጫውቼ አላውቅም።»

«እሰየው» አለች መዲና።

«ቆይ። አውድማ ላይ ሰው እሱን ሲገጥም ምን ብሎ ነው የሚጮኸው?»

መዲና ታውቃለች። አዳራሹም ያውቃል።

«‘ግራው! ግራው!’ ነው የሚለው። ጥሩ፤ ጨዋታ ነው። እኔ ግን ከፒያሳ ወደ ቤቴ ቁልቁል ስወርድ የሰፈር ጎረምሳ ሁሉ ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ? ‘ግራው! ግራው!’ አንዳንዱ በእግሩ ይሞክረኛል። እግሬ እንዲህ የሆነው በልጅነቴ ነው። ያኔ ሰው ወይ ያዝንልኛል ወይ ዝም ይለኛል። አንቺ ግን አንካሳ የት እንደሚመታ አገሩን አስተማርሽው።»

ሰሌዳው ላይ ድምፁ እንደ ጎርፍ ወረደ። ሁሉም የኑርልኝ ነበር። መዲና ስለ በር፣ ስለ ሽመል፣ ስለ ሚዛን ልትናገር ነበር የመጣችው። ጥያቄውን እንጂ ጠያቂውን አስባው አታውቅም። የጥያቄ ጽሕፈት ቤት የሚልከው ጥያቄውን ብቻ ነው፤ እሷም ዓመታት ሙሉ ጥያቄ ስታነብ «እምቢ» የምትልበትን ነበር የምትፈልገው።

«ትመልሺለታለሽ?» አሏት አቶ ይመር።

መዲና ወደ ሰሌዳው ዞረች። «አንድ ጊዜ እንጫወት» አለች።

ተራ ሰው የሚጫወትበት ዘንግና ቁልፍ ያለው መጫወቻ ጠረጴዛው ላይ ቀረበ። መዲና የተቃናውን አያ ደምሌ ለኑርልኝ ሰጠችው። ሰሌዳው ላይ ቀጥ ብሎ ሲገባ አዳራሹ ተነስቶ ተቀበለው። አንዲት ሴት አለቀሰች። መዲና ለራሷ አንካሳውን ያዘች።

ኑርልኝ አሸነፋት። ደግሞ አሸነፋት። እጇ ዘገምተኛ ነው፤ ቀራጭ ሁሉ ተጫዋች አይደለም። ሽመሉ ይወርዳል፣ ሳይቆም ይነሳል፣ ደግሞ ይወርዳል። ሕዝቡ ደስ አለው። ኑርልኝም መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎት ነበር።

«በቃሽ?» አላት።

«አሁን እንለዋወጥ» አለችው።

አንካሳውን አያ ደምሌ ሲይዝ የኑርልኝ ትከሻ ወረደ፤ ከሥራ ገብቶ ጫማውን እንደሚያወልቅ ሰው ሆነ። መዲና ብዙ ተጫዋች አይታለች፤ እንዲህ የሚጫወት ግን አላየችም። ሌላው ሰው ያቺን ትንፋሽ እንደ ዕዳ ነው የሚሸከማት፤ እስክታልፍ ይርበተበታል። ኑርልኝ ያርፍባታል። ግራ እግሩ ላይ ይቆምና ባላጋራው እስኪመጣ ይጠብቃል፤ የባቲው ሰውዬ መንገድ መሀል ቆሞ እንደሚጠብቀው ዓይነት።

የሚመጣ ባላጋራ ግን አልነበረም። የተቃናው ሰውዬ ሳይመጣ ባለበት ሆኖ ሽመሉን ያወርዳል። ኑርልኝ ከግራ ሞከረ፤ ከቀኝ ሞከረ፤ ዘሎ ሞከረ። መዲና አንዲት ቁልፍ ብቻ ደጋግማ ትጫናለች። በመሀሉ ሌላ እጇን ዘርግታ የውሃ ብርጭቆዋን አነሳችና ጠጣች።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ።

«በአንድ እጅ ነው እንዴ የምትጫወቺው?» አላት ኑርልኝ ዓይኑን ከሰሌዳው ሳይነቅል።

«ሌላው አላስፈለገኝም።»

«ድገሚው።»

ደገመችው። ወደቀ። ሦስተኛ ጠየቃት፤ ሰጠችው፤ ወደቀ። አዳራሹ ውስጥ ሰዎች ስለ ምሳ ማውራት ጀምረው ነበር።

«ቆይ፣ ይሄ ሰውዬ የት ነው የሚመታው?»

«የትም።»

ኑርልኝ ዘንጉን ለቀቀ። «አያ ደምሌ አይደለም» አለ።

«ማነው ታዲያ?» አሉ አቶ ይመር።

«እኔ እንጃ። ልብሱን ነው የለበሰው።»

ቀትር እየቀረበ ነበር። አሰግድ ከዳር ሆኖ ሰዓቱን እያየ ላቡን ይጠርጋል። ኑርልኝ ወደ መዲና ዞረ።

«መንገድ ላይ የሚሉኝስ? እሱስ?»

«ልክ ነህ» አለችው። «አልሰማሁም ነበር። አንተ ነህ በየጠዋቱ ጥሩምባ የምትነፋልኝ?»

«እኔ ነኝ። አያ ደምሌን የቀረጸች ሴትዮ ናት ብዬ ነው።»

«አንድ የሚያነክስ ሰው ለማየት ቀኔን ሙሉ ገበያ ውስጥ የዋልኩ ሴት ነኝ። አንተን ግን ዞሬ አላየሁህም።»

«እንግዲያው ክሴን ብተው ምን ታደርጊልኛለሽ?»

አሰግድ ከዳር ሆኖ በዓይኑ ለመናት፤ ቃል ግቢለት፣ ማንኛውንም ነገር ቃል ግቢለት።

«ምንም ቃል አልገባልህም።»

«ለምን?»

«ዛሬ ላንተ ቃል ከገባሁ ነገ ቃል የምገባለት ሌላ ሰው በር ላይ ይቆማል። ያኔ ልዩነቴ ምንድነው ከዚያ?» ወደ ሰሌዳው አገጯን አነሳች። «ሰምቼሃለሁ። የሰማሁትን ይዤ ምን እንደምሠራ የማውቀው እኔ ነኝ።»

«ልበ ደንዳና ነሽ።»

«ነኝ።»

ኑርልኝ በሚያነክሰው እግሩ ወደ ዳኛው ፊት ሄደና ኩታውን ከትከሻው አወረደ። «ክሴን ትቻለሁ» አለ። «ለእሷ ብዬ አይደለም።»

ሰሌዳው ቀላ። አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ መናገር ጀመረ። «የእኛስ ድምፅ?» አለ አንዱ። «አንተ ማነህ የምትተወው!» አለች ቅድም ስታለቅስ የነበረችው ሴት። «የሸጠን አንካሳ!» አለ ሌላው፤ ከተናገረ በኋላ ራሱ ደነገጠ።

አቶ ይመር እጃቸውን አነሱ። «ሦስት ጊዜ መጠየቅ አለብኝ። ትተሃል?»

«ትቻለሁ።»

«ከኋላህ ያሉትን ሰምተህ ነው?»

«ሰምቻለሁ። ትቻለሁ።»

«ወንበርህን ትለቃለህ?»

ይህኛው ከበደው። «እለቃለሁ።»

የቀትር ደወል የጮኸው ያኔ ነው። መዲና ተነስታ «ወንበሩ ለራሱ» አለች። «እኔ ገመድ መንዳት አላውቅም።»

ወንበሩ ግን አልተመለሰለትም። ቅዳሜ ጠዋት ተሳፋሪዎቹ ድምፅ ሰጥተው ሌላ ነጂ ጠየቁ። ሕጋዊ ነበር፤ ያወረዱትም በትህትና ነው። አዲሱ ነጂ ጥሩምባ አይነፋም።

መዲና ቅዳሜም እሑድም ከሥራ ክፍሏ አልወጣችም። አያ ደምሌ ሰሌዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ያነክሳል፤ እሷ ትቀርጻለች፣ ታፈርሳለች፣ እንደገና ትቀርጻለች። የግራ እግሩን በር አልዘጋችውም። ከበሩ ጀርባ ሰው አቆመችበት። ልኩን አውቆ፣ ትንፋሿን ጠብቆ ለመጣ በሩ እንደ ድሮው ክፍት ነው። እግሩን እያየ ብቻ ለሚሮጥ፣ ስስት ለያዘው፣ ያ አንካሳ እግር ይጠመዘዝና ቁርጭምጭሚቱን ጠልፎ ይይዘዋል። የተያዘ ሰው መሬት ሳይነካ አይለቀቅም።

ሰኞ ጠዋት አሰግድ አየው። እሱም ራሱ ሞክሮ ተይዞ ወደቀ።

«ይህን ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም።»

«ማንም ሳይጠይቅ እንዴት…» አሰግድ ደግሞ ሞከረ። ደግሞ ተያዘ። ሦስተኛው ላይ ታግሶ ጠበቀ፤ ሽመሉ ወረደ፣ ትንፋሿ መጣች፣ ያኔ ገባና መታ። አያ ደምሌ ወደቀ። አሰግድ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ልጅነቱ ፊቱ ላይ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ተመልሶ ተቀመጠ። «ይቆጣሉ» አለ።

«ይቆጡ። ልቀቀው።»

በሳምንቱ መጨረሻ ላይ መዲና ከሥራ ስትወጣ ፒያሳ ላይ ኑርልኝን አገኘችው። ሥራ ፈልጎ ሲዞር ውሎ በእግሩ ወደ ቤቱ ሊወርድ ነበር። ከላያቸው የገመድ መኪናው ወደ ሆጤ ይንሸራተታል።

«ተጫወትክበት?» አለችው።

«ተጫወትኩበት።»

«እንዴት ነው?»

«ቃል አልገባልህም ስትይኝ ሌሊቱን ሙሉ ስረግምሽ ነው ያደርኩት።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

«ደህና ነው» አለ ኑርልኝ። ጥቂት ሄደና «በጣም ደህና ነው» ብሎ ጨመረ።

ቁልቁለቱን አብረው ወረዱ። እሷ ለእሱ ብላ እርምጃዋን አልቀነሰችም፤ እሱም አልጠየቃትም። መታጠፊያው ላይ ግንብ ተደግፈው የቆሙ ጎረምሶች ነበሩ። የኑርልኝ አንገት ደነደነ። መዲና ጎኑ ሆና ሲደነድን አየችው። ሁለቱም ወደፊት ሄዱ።

«ግራው!» አለ አንደኛው ጮክ ብሎ። «ግራ…»

ጓደኛው ክንዱን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተው።

«ተው አንተ፣ ተው!» አለው። «ይይዛል።»

ጎረምሳው የኑርልኝን እግር አየ። ከዚያ ሳያውቀው፣ እንደ ተሰደበ ሳይሆን እንደ ተጠነቀቀ ሰው፣ ከመንገዱ ገለል አለ። ኑርልኝ በመካከላቸው አለፈ። ክብደቱ ግራ እግሩ ላይ ሲያርፍ ለአንዲት ትንፋሽ ቆመ፤ መቆም አላስፈለገውም ነበር። ከዚያ ቀጠለ።

ትንሽ እንደሄዱ የመዲና አንጓ ነዘረ። አየችውና ለኑርልኝ አሳየችው። «የአያ ደምሌ ግራ እግር መያዙን ይተው» የሚል አዲስ ጥያቄ ተከፍቷል፤ ድምፁ እየተሰበሰበ ነው፤ ፍጥነቱ ከበፊቱ ይብሳል።

«ምን ልትያቸው ነው?» አላት።

ሰማዩ ሊተክዝ ጦሳ ተራራ ላይ ጠቁሯል። መዲና ጃንጥላዋን ዘረጋች።

«ይጠይቁ» አለች። «ያመመውን ሰው ጥሩልኝ እላለሁ። እንደ ዛሬው ቁልቁል አብሬው እወርዳለሁ።»

«እግሩንስ?»

«አልነካውም።»